የእትዬ ደብሬ ግራ ዓይን

«ጻፊ እንጂ! እጅሽን ማን ያዘው? ‹እንባዋ በሽታ ነበር› ብለሽ ጻፊ!»

«በሽታ መሆኑን እጽፋለሁ፣ ጋሽ ሞላ። እንባውን ብቻ ነጥዬ ግን አልጽፍም።»

«ሟቿ ያንቺ ናት ወይስ የኔ? የወንድሜ ሚስት አይደለችም? አስጻፊው እኔ፣ ጸሐፊዋ አንቺ። አለቀ!»

«አላለቀም።»

መሪጌታ ይባቤ በመካከላችን በርጩማው ላይ ተቀምጠዋል። መቋሚያቸውን ተመርኩዘው አንዴ እሱን አንዴ እኔን ያያሉ። ያለነው ንፋስ መውጫ፣ ከአስፋልቱ ዳር በተከራየኋት የኮምፒውተር ጽሕፈት ክፍሌ ውስጥ ነው። ከረፋዱ አራት ሰዓት ሆኗል። እትዬ ደብሬ ትናንት ከሰዓት በኋላ አርፈዋል፤ ዛሬ በዘጠኝ ሰዓት፣ ከከተማው የአንድ ሰዓት የእግር መንገድ በምትርቀው አጥቢያቸው ይቀበራሉ። አፈር ከመልበሳቸው በፊት የሕይወት ታሪካቸው ይነበባል። አንባቢው መሪጌታ ናቸው፤ የምጽፈው እኔ ነኝ። ልጃቸው አበዛሽ ከአስከሬኑ አጠገብ መነሣት ስላልቻለች፣ ለማስጻፍ የመጣው የአባቷ ወንድም ሞላ ነው።

ሞላን በአፌ «እርስዎ» እለዋለሁ፤ እናቴ ያሳደገችኝ እንደዚያ ነው። በጽሑፌ ግን «እሱ» ነው። እንዲህ ያለችውን ትንሽ በቀል ያስተማሩኝ ራሳቸው እትዬ ደብሬ ናቸው። «ትልቅ በቀል ለትልቅ ሰው ነው» ይሉኝ ነበር፤ «እኔና አንቺ በቁንጥጫ እንሂድ።»

እትዬ ደብሬን ያወቅኳቸው አሥራ ሁለተኛ ክፍል ወድቄ ቤት በተቀመጥኩበት ዓመት ነው። ከእናቴ ግቢ ጥግ ያለችውን ክፍል ተከራይተው ገቡ። ነጠላቸውን ከግራ ጉንጫቸው ላይ አያነሱም። እኔ ደግሞ ሌላው ሰው አፍሮ ዓይኑን የሚያዞርበትን ነገር ትኩር ብዬ የማይ ነኝ፤ ይህ ጠባይ እስከ ዛሬም አልለቀቀኝም። በሦስተኛው ቀን ውኃ ሲጠጡ አየኋቸው። ውኃው በግራ ከንፈራቸው በኩል ተመልሶ አገጫቸው ላይ ፈሰሰ። ቀኝ ዓይናቸው ሲርገበገብ ግራው ፈጦ ቀረ። የግንባራቸው ቀኝ እኩሌታ የስድሳ ዓመት ሴት ግንባር ነው፤ ግራው አንዲት መስመር የለችበትም።

«ጨረስሽ?» አሉኝ።

«ምኑን?»

«ማየቱን። ካልጨረስሽ ወዲህ ቀረብ በይ፤ ከሩቅ ዓይንሽ ይደክማል።»

ቀረብኩ። ሌላ ምን አደርጋለሁ?

ከንፈራቸው ስለማይገጥም ሲናገሩ ግማሹ ቃል በአየር ያልቅባቸዋል። ስለዚህ ግራ ጉንጫቸውን በሁለት ጣት ወደ ላይ ደግፈው ነበር የሚያወሩት። ዛሬም ሳስባቸው ከፊታቸው ቀድመው የሚመጡብኝ እነዚያ ሁለት ጣቶች ናቸው። ሰዎች ሲያዝኑላቸው አይወዱም። «ግማሽ ፊት ይበቃኛል» ይሉ ነበር፤ «ሙሉ ያላቸውም ቢሆኑ የሚያሳዩን ግማሹን ነው።»

በአገራቸው አልቃሽ ነበሩ። የለቅሶ ግጥም ለመግጠም የሟቹን ደግነት አይጠይቁም፤ የሚጠይቁት አንድ ነገር ነው፤ «ሲቆጣ ምን ይል ነበር?» አንድ ጊዜ ዝናብ ዘገየ እያለ ከሰማይ ጋር ሲጣላ የኖረ ገበሬ በሰኔ መባቻ ሞተ። እንዲህ አሉለት፦

ዘገየህ እያለ ሰማዩን ሲቆጣ፣
እርሱ ራሱ ተኛ ዝናቡ ሲመጣ።

እኔ ያን ጊዜ ደብተር ሙሉ ግጥም ነበረኝ፤ ለማንም አላሳየሁም። ለሳቸው አነበብኩላቸው። እስከ መጨረሻው ሰሙና «ይሄ ማንን ነው የሚያለቅሰው?» አሉ።

«ፍቅርን።»

«የማን ልጅ ነው? የት ሰፈር ይኖር ነበር?»

ሳቅሁ። እሳቸው አልሳቁም። «ደጁን የማታውቂውን አታልቅሺ» አሉኝ። ደብተሩን በዚያው ሳምንት ምድጃ ውስጥ ከተትኩት።

የደረሰባቸውን ያወጉኝ ቀስ በቀስ ነው። ባላቸው ሲሞቱ ለሳቸውና ለአበዛሽ አንድ የስንዴ እርሻ ቀረላቸው። ድንበርተኛው ሞላ ነው። ወንድሙ በሞተ በዓመቱ በሬዎቹን ጠምዶ ድንበሩን አልፎ ገባ። እሳቸው «ድንበሩ የወይራው ጉቶ ነው» አሉ፤ እሱ «ጅረቱ ነው» አለ። በጉቶውና በጅረቱ መካከል ያለው ደግሞ እርሻቸው በሙሉ ነው ቢባል ይቀላል። ነገሩ በሽማግሌ ተያዘ። የሽማግሌዎቹ ሰብሳቢ መሪጌታ ይባቤ ነበሩ፤ ቤተ ልሔም ድጓ ተምረው የተመለሱ፣ ሲናገሩ ሰው የሚነሣላቸው። ድንበሩ ሲተከል ያዩ ሰዎች ሁሉ በሕይወት የሉም። ስለዚህ ደብሬ ትማል ተባለ።

እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ከቤተ ክርስቲያኑ ደጃፍ ቆመው ማሉ፤ «ድንበሩ ወይራው ነው። ዋሽቼ ከሆነ አፌን ያጣመው።» በዚያ አጥቢያ ሽማግሌዎች ደንብ የማለ ሰው ሰባት ቀን ይጠበቃል። ክፉ ነገር ሳያገኘው ሰባቱ ካለፈ እውነተኛ ነው፤ ካገኘው ፍርዱ ከላይ መጥቷል።

በአምስተኛው ቀን ጠዋት ፊታቸውን ሲታጠቡ፣ የተጉመጠመጡት ውኃ አፋቸው ውስጥ አልቆይ አለ።

አንዱ «የሌሊት ወፍ በክንፏ መታቻት» አለ። ሌላው «ንፋስ ነው» አለ። ሞላ ምክንያቱን አልተናገረም፤ በየቤቱ እየዞረ «ሂዱና እይዋት» ብቻ አለ። ሰው መጣ፣ አየ፣ አማተበ፣ ተመለሰ። መሪጌታም መጡ። በሩ ላይ እንደ ቆሙ «እንግዲህ እግዚአብሔር ከፈረደ እኛ ምን እንጨምራለን» አሉና ሄዱ። መሬቱ ለሞላ ሆነ። ለለቅሶ የሚጠራቸውም ጠፋ፤ በሐሰት የማለ አፍ ሙት አያስለቅስም ተባለ። በመሬታቸውና በአፋቸው የኖሩ ሴት ሁለቱንም በአንድ ሳምንት አጡ። ይባስ ብሎ አንድ መድኃኒት ዐዋቂ ነኝ ባይ ከግራ ጆሯቸው ጀርባ በጋለ ብረት ተኮሳቸው። ትናንት ሲገንዟቸው ጠባሳው እዚያው ነበር።

መንደሩን ለቀው ወደ እኛ ግቢ ከገቡ በኋላ ሆስፒታል የወሰድኳቸው እኔ ነኝ፤ ፊታቸው ከዞረ ሁለት ወር አልፎት ነበር። ሐኪሟ ወጣት ናት። «ዓይንዎን ይጭመቁ፣ ቅንድብዎን ያንሡ፣ ጥርስዎን ያሳዩኝ» አለቻቸው። ያን ሁሉ ካደረጉ በኋላ እትዬ ደብሬ ወንበራቸውን ወደሷ ሳቡ። ምስክር የሚመረምሩ ይመስሉ ነበር።

«ምንድን ነው ያመጣብኝ?»

«ከጆሮዎ ጀርባ በጠባብ አጥንት ውስጥ የሚያልፍ ነርቭ አለ፤ ፊትን የሚያዘው እሱ ነው። ሲያብጥ አጥንቱ ያንቀዋል። ያን ጊዜ በዚያ በኩል ያለው ፊት መታዘዝ ያቆማል።»

«ማን አሳበጠው?»

«ብዙ ጊዜ በትክክል አይታወቅም። ሰውነት ውስጥ ተኝቶ የከረመ ቫይረስ ሲነሣ ነው ይባላል። ስኳር ያለባቸውንና ነፍሰ ጡሮችን ይበልጥ ያጠቃል።»

«የሌሊት ወፍስ?»

«የለችበትም።»

«ንፋስስ?»

«በንፋስ ቢሆን ንፋስ መውጫ ላይ ማን ፊቱ ቀንቶ ይሄድ ነበር፣ እትዬ?»

«እጄና እግሬስ ይከተላሉ?»

«አይከተሉም። እጅ ወይም እግር አብሮ የደከመ ዕለት ግን በሽታው ሌላ ነው፤ ከአንጎል ነው፤ ሳይውሉ ሳያድሩ መምጣት ነው።»

እትዬ ደብሬ ጉንጫቸውን በሁለት ጣት ደገፉ። ለዚህ ጥያቄ ቃላቸው እንዲስተካከል ፈልገው ነበር።

«ውሸትስ? በሐሰት የማለ ሰው ይይዘዋል?»

ሐኪሟ ሳቋ አመለጣት። «ውሸት ቢያመጣው የዚህ ሆስፒታል ሰልፍ ደብረ ታቦር ይደርስ ነበር።»

«አትሳቂ ልጄ። ይህን በወረቀት ስጪኝ።»

ሰጠቻቸው። ፊታቸው የዞረው በነርቭ ሕመም እንደ ሆነ በአማርኛ ጻፈችላቸው፤ ማኅተም አደረገችበት። የዓይን ጠብታ አዘዘችላቸው፤ ሲተኙ የዓይናቸውን ቆብ በፕላስተር እየዘጉ እንዲያድሩ ነገረቻቸው፤ የማይከደን ዓይን ይደርቃል፣ ይቆስላል። «በመጀመሪያዎቹ ሦስት ቀናት ቢመጡ ኖሮ መድኃኒቱ ብዙ ይረዳዎት ነበር» አለች ቀስ ብላ። በነዚያ ሦስት ቀናት እሳቸው ለመጋዝ እንደሚታይ እንጨት በሰው ዓይን ሲገመገሙ ነበር።

በመንገድ ላይ «ወረቀቱን ይዘን መንደር እንሂድ» አልኳቸው።

«ፊቴ እንደ ዞረ? ወረቀቱን በእጄ ይዤ ፊቴን የት ልደብቀው? ሰው የሚያምነው ዓይኑን ነው። ቆይ።»

ቆየን። በዓመቱ አፋቸው ከሞላ ጎደል ቀና አለ፤ ዓይናቸውም መከደን ጀመረ። ነገር ግን ሲስቁ ግራ ዓይናቸው በራሱ ይዘጋል። የሰፈራችን ዘበኛ ጠቀሱኝ ብሎ ሳምንት ሙሉ ሰላምታ ሲያበዛባቸው ነበር። አንድ ቀን ደግሞ ግቢያችን ውስጥ ቆሎ ሲቆረጥሙ እንባቸው በግራ ጉንጫቸው ሲወርድ አየሁ።

«ምነው እትዬ? ማን ሞተብዎት?»

«ማንም። ገብስ ነው።»

ወደ ሆስፒታሉ ተመልሰን ሄድን። ሐኪሟ አሁንም እዚያው ነበረች። «ነርቩ ሲጠገን መንገድ ስቶ ነው» አለች፤ «ምራቅ ሊያመጣ የሚገባው ወደ እንባ ዕጢ ገባ። ስለዚህ በበሉ ቁጥር ያ ዓይን ያለቅሳል።»

«የሰው ድንበር አልፎ ገባ በይኛ!»

«እንደዚያ ነው።»

«የሞላ ዘመድ ነው ያ ነርቭ» አሉና ሳቁ፤ ግራ ዓይናቸው ተዘጋ።  በራቸው ላይ ስንደርስ ቆሙ።

«ሰብለ፣ ከዛሬ ጀምሮ በሰው ፊት እህል አልቀምስም።»

«ለምን?»

«ከአንድ ሰው ቤት በቀር።»

በጥር ሞላ ልጁን ዳረ። የወንድም ሚስት አትጠራም ማለት አይቻልም፤ ተጠሩ። እኔም ተከትያቸው ሄድኩ። ከዳሱ ውስጥ ልክ ከሞላ ፊት ለፊት ተቀመጡ። የስንዴው እንጀራ ቀረበ። የሞላ ሚስት መጥታ «ብዪ እንጂ ደብሬ፣ ምነው አፈርሽ?» አለቻቸው። አንድ ጉርሻ ጎረሱ። ቀኝ ዓይናቸው ደረቅ ሆኖ ሞላን ያያል፤ ግራው ያወርደዋል። ሁለተኛ ጎረሱ። እንባው በአገጫቸው አልፎ ቀሚሳቸው ላይ ተንጠባጠበ። በአጠገባቸው ካሉት ሴቶች አንዷ ዘወር አለች።

«ኧረ ምነው? በሰርግ ቀን?»

«እኔስ ደኅና ነኝ» አሉ እትዬ ደብሬ፣ ዳሱ እንዲሰማ አድርገው። «እህሉን እንጃ። ስንዴው ከየትኛው እርሻ የገባ ነው?»

ሴቶቹ ትሪውን ትተው ሞላን አዩ። እሳቸው ግን ዝግ ብለው፣ ያለ ኀፍረት፣ ትሪው ባዶ እስኪሆን በሉ። አትብዪ እንዳይሏቸው ነውር ነው፤ ብዪ እንዳይሏቸው እንባው ይብሳል። ሞላ የአረቄ ጠርሙሱን እንደ ጨበጠ ቀረ። እኔ በሕይወቴ እንደዚያ ቀን ጥሩ ምሳ በልቼ አላውቅም።

ከዚያ በኋላ ሞላ ቤት ክርስትና ቢሆን፣ ማኅበር ቢሆን፣ ዝክር ቢሆን አይቀሩም። በሌላ ቤት ሲጠሩ «ስእለት አለብኝ» ብለው አይቀምሱም፤ ዓይናቸውም ደረቅ ነው። ሰው አለመብላታቸውን ረሳ፤ አለማልቀሳቸውን አስታወሰ። «በሰው ሁሉ ቤት ደረቅ ናት፤ የሞላ እህል ብቻ ነው የሚያስለቅሳት» ተባለ። ያ የተነጠቀ መሬት ባለቤቱን ያውቃታል ተባለ። ሞላ በመኸር ደቦ ሲጠራ አጫጆቹ ስንቃቸውን ከየቤታቸው ቋጥረው መጡ። ደቦ ወጥቶ የባለቤቱን እህል አለመቅመስ በኛ አገር ከስድብ ይከፋል። በሚቀጥለው ዓመት ጭራሽ ማንም አልመጣም። ስንዴው ከዛላው ላይ ረገፈ። ወሬውን እየሮጥኩ ነው ያደረስኩላቸው።

«ረገፈ እትዬ! ግማሹ ረገፈ!»

«ወፎቹስ ያለቅሱ እንደሆነ አየሽ?» አሉኝ።

አንድ ቀን ግን ጠየቅኳቸው፤ ይሄ ውሸት አይሆንም ወይ አልኩ።

«ምን ዋሸሁ? ዓይኔ ነው ያለቀሰው፤ አፌ ምን አለ? አይተው ፈረዱብኝ። አሁንም አይተው ይፍረዱ።»

ነገሩ ያላስደሰታት ልጃቸው አበዛሽ ብቻ ናት። ሁለት ልጆች ይዛ በሰው መሬት በእኩል የምታርስ ሴት ናት። «እማ፣ እሱ በመዋረዱ እኔ ምን አገኘሁ? እንባሽ መሬቴን አላመጣልኝም» አለቻቸው ባለፈው ክረምት።   አልጋ ላይ ከዋሉ በኋላ ጠርተውኝ ያን የሐኪሟን ወረቀት ከፍራሻቸው ሥር አውጥተው ሰጡኝ።

«ስሞት አውጪው» አሉኝ። «ያን ጊዜ ፊቴን አያዩትም፤ ጆሯቸውን መስጠት ግድ ይሆንባቸዋል። ግን ሁለቱን አንድ ላይ ንገሪ። እንባውን ብቻ ከነገርሽ ሞላ ይድናል። መዞሩን ብቻ ከነገርሽ አያምኑሽም። አንዱ ያለ አንዱ እንዳይወጣ።» ጣቶቻቸው ጉንጫቸው ላይ ነበሩ፤ መደገፍ ካቆሙ ቆይተው ነበር፣ ልማድ ሆኖባቸው ነው።

እና ዛሬ ሞላ ክፍሌ ውስጥ ቆሞ ጠረጴዛዬን ይደበድባል።

«የልጄ ልጅ ጤና ይማራል» አለ። «ሲበሉ ዓይን የሚያስለቅስ በሽታ እንዳለ ነግሮኛል። ስም ሁሉ አለው! ስንት ዘመን በዚች ሴት እንባ ስታማ ኖርኩ! የገዛ ጎረቤቴ ውኃዬን እንኳ አይጠጣም። ዛሬ በመቃብሯ ላይ ይነገርልኝ!»

«በሽታው ከምን እንደሚጀምር አልነገረዎትም?»

እጁን ከጠረጴዛው አነሣ። መሳቢያዬን ከፍቼ ወረቀቱን አወጣሁ፤ ለሱ አልሰጠሁትም። ለመሪጌታ ሰጠሁ። መነጽራቸውን አደረጉ። አንዴ አነበቡት፤ ቀኑን አዩ፤ እንደገና አነበቡት። 

«ይህ በሽታ» አሉ በመጨረሻ፣ «ንጹሕ ሰውንም ያገኛል?»

«ቄስንም ያገኛል፣ መሪጌታ። ሕፃንንም።»

«የማለና ያልማለ አይለይም?»

«አይለይም።»

«እንባውስ?»

«ከዚያው ከአንዱ ነርቭ ነው። ፊታቸው ባይዞር ኖሮ ዓይናቸው አያለቅስም ነበር።»

ወደ ሞላ ዞርኩ። «እንግዲህ ይምረጡ። ‹እንባዋ በሽታ ነበር› ካሉ ‹ፊቷም የዞረው በበሽታ ነው፤ መሐላዋ እውነት ነበር› የሚለው ይከተላል። ይህን አልፈልግም ካሉ ሁለቱም ይቅሩ፤ እህልዎ ሰው ሲያስለቅስ ይኑር።»

ምርጫው የይምሰል ነበር፤ ወረቀቱ አስቀድሞ በመሪጌታ እጅ ገብቷል። ብቻ ሲመርጥ ማየት ፈለግኩ። ሞላ አፉን ከፈተ፤ ዘጋው፤ እንደገና ከፈተው። ያን ጊዜ እትዬ ደብሬ ባዩ አልኩ። ደስ ብሎኛል፤ አልክድም።

«ይቅር!» አለ። «ምንም አትጻፊ! ‹ተወለደች፣ አገባች፣ ሞተች› በይና ስጪን።»

«ጻፊ ልጄ» አሉ መሪጌታ።

«የትኛውን?»

«ሁለቱንም። ከሥሩም ጨምሪበት። ‹የፈረደው ይባቤ ነው፤ ፊት አይቶ ፈረደ፤ ተሳስቷል፤ ድንበሩ ወይራው ነው› በይ።»

«መሪጌታ!»

«ዝም በል ሞላ። አበዛሽ እያየች፣ አገሩ እየሰማ እኔው ራሴ አነበዋለሁ። ከቀብር መልስ ሽማግሌዎቹን ሰብስቤ እርሻው ላይ እወርዳለሁ፤ ቃሌ የሚመለሰው እዚያ ነው። አንተም ትመጣለህ።»

ጻፍኩ። መሪጌታ አሁን ቀና ሰው ስለሆኑ አልማርኳቸውም፤ ይቅር ማለት የምትችለው ሴት ሬሳዋ በአጎዛ ላይ ነው። ስማቸውን ሁለት ጊዜ አስገባሁት። አንድ ጊዜ ይበቃ ነበር።

ማተሚያው መጮህ ሲጀምር ሞላ ወደ በሩ ሄደ። በሩን ሲከፍተው ነፋሱ ገብቶ ጠረጴዛዬ ላይ ያለውን ወረቀት በተነው። ደፉ ላይ ትንሽ ቆም አለ። ነፋሱ እንዳይመታው የጋቢውን ጫፍ ስቦ ግራ ጉንጩን እስከ ዓይኑ ሸፈነ፤ በሁለት ጣት ያዘውና ወጣ። የቆርቆሮው በር ከኋላው ተላተመና ተዘጋ።